ሰርጀን፦ «በእጁ የሚሠራ» የሚለው ስም የሐኪም መጠሪያ የሆነበት መንገድ

በብሪታንያ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የተያዘለት ሰው ከሆስፒታሉ በሚደርሰው ደብዳቤ ላይ የሐኪሙ ስም «ዶክተር» ሳይሆን «ሚስተር» ወይም «ሚስ» ተብሎ ተጽፎ ያገኘዋል። ከኢትዮጵያ ሄዶ በዚያ ለሚኖር ሰው ይህ ግር የሚል ነገር ነው፤ ሆዴን የሚከፍተው ሰው ሐኪም አይደለም እንዴ ያሰኛል። በአሜሪካ የሚኖር ወገናችን ደግሞ «ሰርጀን ጄኔራል» የሚባል ባለሥልጣን ስለ ሲጋራ ወይም ስለ አእምሮ ጤና መግለጫ ሲሰጥ በዜና ይሰማና፣ ቀዶ ሐኪም ከሲጋራ ጋር ምን አገናኘው ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ሁለቱ ጥያቄዎች የተለያዩ ቢመስሉም መልሳቸው ያለው በአንድ ቃል ታሪክ ውስጥ ነው። ቃሉ እንግሊዝኛ ቀዶ ሐኪምን የሚጠራበት «ሰርጀን» ሲሆን፣ ከ2000 ዓመት በላይ በተጓዘበት መንገድ የሕክምና ሙያ እንዴት ለሁለት ተከፍሎ እንደነበረና እንዴት እንደገና እንደተገናኘ ይዞ ቆይቷል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ በመነሻው ምን ማለት ነበር?

መነሻው ግሪክኛ ነው። በጥንታዊው ግሪክኛ «ኬይር» እጅ ማለት ሲሆን «ኤርጎን» ደግሞ ሥራ ማለት ነው። ሁለቱ ተጋጥመው «ኬይሩርጎስ» የሚል ስም ሰጡ፤ ትርጉሙም በእጁ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። ስሙ በመጀመሪያ ከሕክምና ጋር የተለየ ትስስር አልነበረውም፤ በእጅ ጥበብ የሚተዳደር ማንኛውም ሰው ሊጠራበት ይችል ነበር። ቆይቶ ግን ቁስል የሚያጥብ፣ የተሰበረ የሚጠግን፣ የታመመ አካል የሚቆርጥ ባለሙያ መጠሪያ ወደ መሆን ጠበበ።

«ኤርጎን» የሚለው ሥር የአማርኛ አንባቢ በየቀኑ በሚያውቃቸው ቃላት ውስጥም አለ። «ኢነርጂ» የምንለው ከእሱ የመጣ ነው። በ1906 በቪየና ይሠራ የነበረው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ «አለርጂ» የሚለውን ቃል ሲፈጥር «ሌላ» የሚል ትርጉም ያለውን የግሪክ ቃል ከዚሁ ሥር ጋር አጋጥሞ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበን ግን ጊዮርጊስ የሚለው ስም ነው። በግሪክኛ «ጌ» ምድር ነው፤ ጊዮርጊስ ማለትም ምድርን የሚሠራ፣ ማለትም ገበሬ ማለት ነው። ስለዚህ «ሰርጀን» እና «ጊዮርጊስ» በአንድ ሥር የሚገናኙ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱ እጁን፣ ሌላው መሬቱን ይዞ ሥራን ይናገራል።

የጥንቶቹ ግሪኮችና ሮማውያን ይህን ሥራ እንዴት ያዩት ነበር?

በሂፖክራተስ ስም ከተሰበሰቡት የግሪክ የሕክምና ጽሑፎች አንዱ ሐኪሙ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ መሟላት ያለበትን ሁሉ አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ብርሃኑ ከየት በኩል እንዲመጣ፣ ሐኪሙ ቆሞም ሆነ ተቀምጦ ሲሠራ ሰውነቱን እንዴት እንዲይዝ ይናገራል፤ አልፎ ተርፎም የጥፍሩ ርዝመት ከጣቱ ጫፍ መብለጥም ማነስም እንደሌለበት ይደነግጋል። እጅ የሥራው ዋና መሣሪያ ስለነበረ ጥንቃቄው እስከ ጥፍር ወረደ።

በዚያው ስብስብ ውስጥ በሚገኘው ታዋቂው የሐኪሞች መሐላ ላይ ግን ሌላ ነገር እናነባለን። የሚምለው ሐኪም የፊኛ ጠጠር ያለበትን ሰው ላለመቅደድና ይህን ሥራ ለሙያው ባለቤቶች ለመተው ቃል ይገባል። አንቀጹ በእጅ የሚሠራው ሥራ ገና በዚያን ዘመን እንደ ተለየ ሙያ ይታይ እንደነበረ ያመለክታል።

ሮማውያን ቃሉን ከነሙያው ወሰዱና በላቲን «ኪሩርጊያ» አሉት። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ኬልሱስ ሕክምናን በሦስት ይከፍለዋል፤ በአመጋገብ የሚያድን፣ በመድኃኒት የሚያድን፣ በእጅ የሚያድን። ስለ ሦስተኛው ባለሙያ የጻፈው ገለጻ ዛሬም ቢሆን ቀዶ ሐኪሞች ሲያነሡት ይሰማል። እንደ እሱ አባባል እንዲህ ያለው ሰው ወጣት ወይም ለወጣትነት የቀረበ፣ እጁ ብርቱና የማይንቀጠቀጥ፣ ግራውንም እንደ ቀኙ የሚያዝ፣ ዓይኑ የጠራ፣ ልቡ የማይርድ መሆን አለበት። ለሕመምተኛው ሊራራ ይገባዋል፤ ነገር ግን በጩኸቱ ተሸብሮ ከሚያስፈልገው በላይ መቸኮል ወይም ከሚያስፈልገው ያነሰ መቁረጥ የለበትም። ማደንዘዣ በሌለበት ዘመን ርኅራኄ ማለት ምን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ጽሑፍ ማግኘት ያስቸግራል።

«ኪሩርጊያ» እንዴት «ሰርጀሪ» ሊሆን ቻለ?

የላቲኑ ቃል በፈረንሳይ ሕዝብ አንደበት ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲመላለስ የመጀመሪያው «ኪ» ድምፅ ወደ «ሲ» ተለወጠ፤ ባለሙያውም «ሲሩርጂየን» ተባለ። በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት «ር» ሲከታተሉ ለምላስ ስለሚከብድ አንደኛው ቀስ በቀስ ወደቀ፤ ቃሉም አጥሮ «ሱርጂየን» ሆነ። በ1066 እንግሊዝን የያዙት ኖርማኖች ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ስለነበሩ በቤተ መንግሥት፣ በፍርድ ቤትና በሙያ ዓለም የእነሱ ቃላት ሰፈኑ፤ ይህም ቃል በ1300 ገደማ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ መታየት ጀመረ።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን የግሪክና የላቲን ትምህርት ሲያንሠራራ አንዳንድ ሊቃውንት ያጠረውን ቃል እንደ ተበላሸ ቆጥረው ወደ ጥንቱ አጻጻፍ ሊመልሱት ሞከሩ። «ኪ»ን የሚያስታውስ ረጅም አጻጻፍ በመጻሕፍትና በማኅበራት መዝገብ ላይ ለረጅም ጊዜ ቢታይም ሕዝቡ የለመደውን አጭሩን አልተወም። ረጅሙ ቅርጽ በጀርመንኛ፣ በሩስያኛና በጣልያንኛ ግን ዛሬም ሕያው ነው፤ ሦስቱም ቋንቋዎች ለቀዶ ሐኪም ከ«ኪሩርግ» ጋር የተቀራረበ ስም አላቸው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። የፖሊስና የጦር ሠራዊት ማዕረግ የሆነው «ሳጅን» ከ«ሰርጀን» ጋር በድምፅ ይቀራረባል እንጂ ዝምድና የለውም። «ሳጅን» የመጣው አገልጋይ የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ነው። ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን የሚቆሙበት አንድ ቦታ ብቻ አለ፤ በብሪታንያ ቤተ መንግሥት የንጉሣዊው ቤተሰብ ዋና ቀዶ ሐኪም በድሮው አጠራር ሁለቱንም ስሞች አጣምሮ ይይዛል።

ሐኪምና ቀዶ ሐኪም ለምን ተለያዩ?

የታሪኩ እምብርት ይህ ነው። ዛሬ ሁሉንም ሐኪም የምንጠራበት «ዶክተር» የሚለው ቃል በላቲን ማስተማር ከሚል ግስ የወጣ ሲሆን ትርጉሙ መምህር ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን በቦሎኛ፣ በፓሪስና በሞንፔልዬ ዩኒቨርሲቲዎች የሕክምና ትምህርት ሲቋቋም ተማሪው በላቲን የጥንት ጸሐፍትን እያነበበና እየተከራከረ ዓመታት ካሳለፈ በኋላ ይህን ማዕረግ ይቀበል ነበር። በእንግሊዝኛ የውስጥ ደዌ ሐኪም የሚጠራበት «ፊዚሽያን» የሚለው ስምም ተፈጥሮ ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ በመሆኑ የተፈጥሮን ሕግ የሚያውቅ ሊቅ የሚል ስሜት አለው። እንግዲህ በአንድ ወገን መምህርና ሊቅ፣ በሌላ ወገን በእጁ የሚሠራ ሰው ቆሙ ማለት ነው። የእጅ ሥራ ዝቅ ተደርጎ በሚታይበት ኅብረተሰብ ውስጥ ይህ የስም ልዩነት የክብርም የገንዘብም ልዩነት ሆነ።

ቤተ ክርስቲያንም የራሷ ድርሻ ነበራት። የዘመኑ ምሁራን አብዛኞቹ የቤተ ክህነት ሰዎች ሲሆኑ፣ በ1215 በሮም የተካሄደው አራተኛው የላተራን ጉባኤ በ18ኛው ቀኖናው ካህናት፣ ዲያቆናትና ንፍቀ ዲያቆናት በእሳት መተኮስና በስለት መቁረጥ ያለበትን ሕክምና እንዳይሠሩ ከለከለ። ምክንያቱ ሕክምናን መጥላት አልነበረም፤ እጁ ላይ ሰው የሞተበት ካህን መሠዊያ ፊት ሊቆም አይገባውም የሚል ሥጋት ነበር። «ቤተ ክርስቲያን ደምን ትጸየፋለች» የሚል አባባል በ1163 ከተደረገው የቱር ጉባኤ ተወሰደ እየተባለ በብዙ መጻሕፍት ይጠቀሳል፤ የጉባኤው ውሳኔዎች ግን እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር የላቸውም።

ሊቃውንቱ እጃቸውን ከደም ሲያርቁ ሥራው አልቆመም፤ ሰው መቁሰሉና መሰበሩ አልቀረምና። ስለት የለመዱት ፀጉር አስተካካዮች ከምላጭና ከመቀስ ጎን ደም ማውጣትን፣ እባጭ መክፈትን፣ ጥርስ መንቀልን፣ ሲብስም እጅና እግር መቁረጥን ያዙ። ሙያውን የሚማሩት ከጌታቸው ሥር ለዓመታት አድረው በማየትና በመሥራት ነበር። ልዩነቱን ለመረዳት በእኛ አገር ወጌሻና ሐኪም በሰው ዓይን እንዴት እንደሚታዩ ማሰብ ይጠቅማል፤ ወጌሻው የወለቀውን የሚመልሰው ከአባቱ ወይም ከሌላ ወጌሻ እጅ ባየው ጥበብ ነው፤ ሙያው ቢከበርም ዲግሪ የለውም፣ «ዶክተር» የሚለውም የለም።

የዚህ ዓይነቱን ሰው ሕይወት በግልጽ የሚያሳየው ፈረንሳዊው አምብሯዝ ፓሬ ነው። ላቲን ያልተማረው ፓሬ በፀጉር አስተካካይና ቀዶ ሐኪምነት ሠልጥኖ ከጦር ሠራዊት ጋር ዘመተ። በዚያን ጊዜ የጥይት ቁስል መርዝ አለው ተብሎ ስለሚታመን የፈላ ዘይት ይፈስበት ነበር። በ1530ዎቹ በጣልያን ምድር በተደረገ ዘመቻ ላይ ዘይቱ አለቀበትና ለቀሩት ቁስለኞች የእንቁላል አስኳል፣ የጽጌረዳ ዘይትና ተርፐንታይን ቀላቅሎ ቀባላቸው። ሌሊቱን በጭንቀት እንቅልፍ አጥቶ ማለዳ ሲሄድ ቅባቱን ያገኙት በሰላም ተኝተው አድረው አገኛቸው፤ ዘይት የፈሰሰባቸው ግን በትኩሳትና በእብጠት እየተሠቃዩ ነበር። ያየውን በ1545 በፈረንሳይኛ አሳተመ። ከዚያ በኋላ የነገሥታት ቀዶ ሐኪም ሆነ፤ የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ግን ላቲን በማያውቅ ሰው መጻሕፍት ላይ ተቃውሞ ማንሣታቸውን አልተዉም።

ፀጉር አስተካካዮችና ቀዶ ሐኪሞች በእውነት አንድ ማኅበር ነበሩ?

አዎን። በእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1518 ለዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ሐኪሞች የተለየ ኮሌጅ ፈቀደ። ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ1540፣ የለንደንን ፀጉር አስተካካዮችና ቀዶ ሐኪሞች በሕግ አንድ ማኅበር አደረጋቸው። ሕጉ ግን ሥራቸውን አልቀላቀለም። ቀዶ ሐኪም ፀጉር እንዳይቆርጥና ጢም እንዳይላጭ፣ ፀጉር አስተካካይም ቀዶ ሕክምና እንዳያደርግ ከልክሎ ጥርስ መንቀልን ብቻ ለሁለቱም ተወላቸው። የሰውን አካል እየከፈቱ እንዲማሩም በዓመት የ4 ሞት ፍርደኞች አስከሬን ፈቀደላቸው።

ኅብረቱ ከ200 ዓመት በላይ ቆየ። በ1745 በጆርጅ 2ኛ ዘመን ቀዶ ሐኪሞቹ ተገንጥለው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1800 ደግሞ ማኅበሩ በንጉሣዊ ቻርተር ኮሌጅ ሆነ። እግረ መንገዴን የማነሣው ነገር ቢኖር፣ ሲለያዩ ዙፋን ላይ የነበረው የንጉሡ ስም ራሱ ጊዮርጊስ መሆኑ ነው፤ ከላይ ያየነው «ኤርጎን» እዚያም አለ።

ታዲያ ዛሬም «ሚስተር» የሚባሉት ለምንድን ነው?

ኮሌጁ ፈተና እየሰጠ የሙያ ፈቃድ ይሰጥ ነበር እንጂ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አይሰጥም ነበር። በመሆኑም ቀዶ ሐኪሙ ምንም ያህል ቢካን የሚጠራው እንደ ማንኛውም የተከበረ ሰው «ሚስተር» ተብሎ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በመላው አውሮፓ ስሙ የናኘው የሰውነት አካላት ተመራማሪ ጆን ሃንተር እንኳን የሕክምና ዲግሪ አልነበረውም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነገሩ ተለወጠ። ጥቅምት 16 ቀን 1846 በቦስተን ዊልያም ሞርተን ኤተር በተባለ ማደንዘዣ ባደነዘዘው ሕመምተኛ ላይ ጆን ኮሊንስ ዋረን ከአንገቱ እብጠት አወጣ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 21 ቀን ለንደን ውስጥ ሮበርት ሊስተን በኤተር የደነዘዘ ሰው እግር ቆረጠ፤ መቁረጡ የፈጀበት ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነበር። ቀዶ ሐኪም በፍጥነቱ ይመዘን የነበረው ሕመምተኛው ነቅቶ እየጮኸ ስለሆነ ነው፤ ከኤተር በኋላ ግን ቀስ ብሎ፣ አይቶ፣ ደም ሥሩን አሥሮ መሥራት ተቻለ። የቀረው ጠላት ቁስል ማመርቀዝ ነበር። ጆሴፍ ሊስተር ከ1865 ጀምሮ በግላስጎው አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ የወጣ ስብራትን በካርቦሊክ አሲድ እያጠበ ማከም ጀመረና ውጤቱን በ1867 አሳተመ። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ሆድን ከፍቶ መሥራት የሞት ፍርድ መሆኑ ቀረ፤ ቀዶ ሐኪሙም ከሐኪሙ በታች የሚቆም ሰው መሆኑ አበቃ።

ዛሬ በብሪታንያ ቀዶ ሐኪም የሚሆን ሁሉ በመጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሐኪም የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ «ዶክተር» ይባላል። ከዚያ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅን ፈተና ሲያልፍ ማዕረጉን ትቶ ወደ «ሚስተር» ይመለሳል፤ ሴት ከሆነችም «ሚስ» ወይም «ሚስስ» ትባላለች። በአንድ ወቅት የመናቅ ምልክት የነበረው ስም የኩራት ምልክት ሆነ ማለት ነው። በአሜሪካ ይህ ልማድ ስለሌለ ቀዶ ሐኪሙም «ዶክተር» ነው። ስለዚህ ከለንደን በመጣ ደብዳቤ ላይ «ሚስተር» የሚል ያየ ሰው ሥጋት ሊገባው አይገባም፤ ስሙ የሚያመለክተው ሐኪሙ ተጨማሪውን ፈተና ማለፉን ነው።

ጠቅላላ ሐኪም የሚያይበት ክሊኒክስ ለምን «ሰርጀሪ» ይባላል?

ብሪታንያ የገባ ሰው ጉንፋን ይዞት ወደ ሰፈሩ ሐኪም ሲሄድ በሩ ላይ «ሰርጀሪ» የሚል ጽሑፍ ያያል፤ ውስጥ ግን ቢላዋ የያዘ የለም። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጥቂትና ውድ ስለነበሩ አብዛኛው ሕዝብ ይታከም የነበረው ቀዶ ሐኪምነትንና መድኃኒት ቅመማን አጣምረው በያዙ ባለሙያዎች ነው። በ1815 የወጣው የመድኃኒት ቀማሚዎች ሕግ ፈተናቸውንና ፈቃዳቸውን ሥርዓት አስያዘላቸው፤ የዛሬው ጠቅላላ ሐኪም በቀጥታ የእነዚህ ወራሽ ነው። ሕመምተኛ የሚቀበሉበት ክፍል «ሰርጀሪ» ይባል ስለነበር ሥራው ቢለወጥም የክፍሉ ስም እንዳለ ቆየ። የብሪታንያ የምክር ቤት አባላትም መራጮቻቸውን ተራ አስይዘው ችግራቸውን የሚሰሙበትን ሰዓት በዚሁ ስም ይጠሩታል።

ሌሎች ቋንቋዎችስ ምን ይሉታል?

በገልፍ አገሮች የሚኖር ሰው ቀዶ ሐኪም «ጀራሕ» ሲባል ይሰማል፤ ይህም ቁስል ከሚል ሥር የወጣ ነው። በእስራኤል «መናቴአሕ» ይባላል፤ ሥሩ መቆራረጥና መለያየት ነው። የእኛው ቀዶ ጥገና ሁለት ድርጊቶችን፣ መቅደድንና መጠገንን፣ አከታትሎ ይናገራል። ግሪክኛው ግን ቁስሉንም ስለቱንም ሳይጠቅስ ሠሪውን አካል፣ እጅን፣ ብቻ ይጠራል። ከአውሮፓ ቋንቋ ወስደን «ኦፕራሲዮን» የምንለውም መነሻው ሥራ የሚል የላቲን ቃል ነው።

«ሰርጀን ጄኔራል» ሕመምተኛ ይቀድዳል?

በሹመቱ ምክንያት አይደለም። በጦር ሜዳና በመርከብ ላይ ሐኪም የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ለቁስለኛ ስለነበር በእንግሊዝም በአሜሪካም የጦርና የባሕር ኃይል ሐኪሞች ምንም ዓይነት ሕክምና ቢሰጡ «ሰርጀን» ይባሉ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በ1798 ለመርከበኞች የሕክምና አገልግሎት አቋቋመ። አገልግሎቱ በ1871 በጦር ሠራዊት አምሳል እንደገና ሲደራጅ በአለቃነት የተሾመው ጆን ዉድዎርዝ የወታደራዊ ሐኪሞችን መጠሪያ ያዘ፤ ከጊዜ በኋላም አገልግሎቱ የመላው አገር የሕዝብ ጤና ተቋም ሲሆን ስሙ አብሮ ተሻገረ። ባለሥልጣኑ ዛሬም የባሕር ኃይልን የሚመስል የደንብ ልብስ የሚለብሰውና የምክትል አድሚራል ማዕረግ የሚይዘው ከዚያው የተነሣ ነው።

በሹመቱ ላይ ከተቀመጡት መካከል በ1980ዎቹ ያገለገለው ኤቨረት ኩፕ በእርግጥም የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ነበር። ጥር 11 ቀን 1964 ማጨስ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ የሚገልጸውን ታሪካዊ ሪፖርት ያወጣው ሉተር ቴሪ ግን የልብ ሐኪም ነበር። የሹመቱ ሥራ ሕዝብን ስለ ጤናው መምከር በመሆኑ ሁለቱም ልዩ ሙያቸው የተለያየ ሆኖ ሳለ በአንድ ስም ተጠርተዋል።